እንዶድ የበላች መኪና

የፒያሳ ሰው የታመመ ሲያገኝ ሐኪም፣ የተጣላ ሲያገኝ ዳኛ፣ የተበላሸ ዕቃ ሲያገኝ ደግሞ መካኒክ ነው። ምከሩኝ ብላችሁ መለመን አያስፈልግም፤ በራችሁን ገርበብ አድርጋችሁ መተው ይበቃል። እናንተ ትስቁ ይሆናል፤ የእኔን ደም ግን ዛሬም ድረስ ያፈላዋል።

በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነበር። አንድ ጣሊያን አገሩ ሲገባ የሸጠልን የልብስ ማጠቢያ መኪና ነበረችን። አሮጊት ናት፤ ስትሠራ ወለሉ ላይ እየተንፏቀቀች ከግድግዳ ግድግዳ ትሄዳለች። ግን ታጥባለች! ለባለቤቴ ለጽጌ ደግሞ ጌጥ አልነበረችም። ጽጌ እጇ ሳሙና ሲነካው እየተላጠ ይደማል፤ ሐኪሙም "ውሃ ውስጥ ከነከርሽው አይድንም" ብሏታል። አስተማሪ ናት፤ ጠመኔ መያዝ አቅቷት ስታለቅስ አይቻለሁ። አንተስ እጅ የለህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሳፋ ይዤ ግቢ ብወጣ፣ "ምን አቅምሳው ይሆን?" ተብላ የታማችው እሷው ናት።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር በውይይት ክበብ ተነሥቶ "እጃቸውን ማርጠብ የሚጸየፉ ንዑስ ከበርቴዎች አሉ" ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። አንገቴን ደፋሁ። በዚያ ዘመን የሚደፋ አንገት መኖሩም ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ መኪናዋ ልብሱን ዋጠችና ውሃውን አልተፋም አለች። ታጓራለች፤ ውሃው ንቅንቅ የለም። ጎረቤታችን ጋሽ በየነ በፒጃማ መጥተው ጆሯቸውን ለጠፉባትና "ሞተሩ ተቃጥሏል፤ አውጥታችሁ ጣሉት" ብለው ፈረዱ። ሌላዋ ጎረቤት "ዓይን ነው" አለች። ሁሉም አዋቂ፤ ካቻቢቴ የሚያቀብል ግን ጠፋ! ሞተሩ ከተቃጠለ የሚያጓራው ምኑ ነው? ሁሉንም አስወጣሁ። መሰኪያውን ነቀልኩ፣ ውሃውን በጆግ ጨለፍኩ፣ አጋድሜያት የውሃ መውጫውን ቱቦ ፈታሁ። ጥቁር ዝቃጭ ጢም ብሎ ሞልቶበታል። ጎልጉዬ ባሸተው፣ እንዶድ!

ሊጠይቁን ከሰላሌ የመጡት አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል።

"እኔ ነኝ የጨመርኩት" አሉ ሳያፍሩ። "ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ጠፋ ስትሉ ሰማሁ። ጋቢን ደግሞ እንደ እንዶድ የሚያነጣው የለም፣ ልጄ።"

"ደግ አደረጉ፣ እማማ" አልኩ ጥርሴን ነክሼ። አማት ላይ አይጮህም። ቱቦውን በሽቦ ጠርጌ መልሼ ስገጥመው መኪናዋ ውሃዋን ዷ አድርጋ ለቀቀች። ጽጌ እልል አለች።

እልልታው ነው ጉድ ያፈላብን። ሞተሩ ተቃጥሏል ያሉት ጋሽ በየነ የአልጋ ልብሳቸውን ታቅፈው ከች አሉ፤ "ለዛሬ ብቻ" ብለው። ጽጌ "ኧረ ምን ገዶኝ፣ ጋሼ!" አለች። ዓይን ነው ያለችውም ጆንያ ሙሉ ልብስ ይዛ ተከተለች። ከዚያ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የሊቀመንበሩ ሚስት፣ ከነብርድ ልብሷ! ጽጌ እሷንም ፈገግ ብላ ተቀበለች። እኔ ስቆጣ "ይሉኝታ የለህም እንዴ? ደግሞስ የማንን ሚስት ነው እምቢ የምለው?" ትለኛለች። ይሉኝታ! ትርፍ ቤት የወረሰው መንግሥት እንኳ መኖሪያ አንድ ቤት ይተውልሃል እኮ! ጎረቤት ግን ያለችህን አንዷን ይወርሳል፤ ያውም እያመሰገነ።

አንድ እሑድ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ቤት ስመለስ መኪናዋ ከሩቅ ትሰማለች። ገባሁ። የሊቀመንበሩን ቤት መጋረጃ ታሽከረክራለች። ጽጌ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን እስከ ክርኗ ሳፋ ውስጥ ነክራ የልጆቻችንን ዩኒፎርም ታሻለች። የሳፋው ውሃ ቀላ ብሏል።

"ምን እየሠራሽ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"ቀስ በል፣ ይሰሙሃል" አለች ቀና ሳትል። "የእኛ ተራ ሐሙስ ነው።"