የሸክም አሠልጣኙ ወገብ

እኔ እንደታዘብኩት ከሆነ፣ ሌላውን የሚያሠለጥን ሰው ሁሉ ሥልጠናው ራሱን አልፎት የሄደ ሰው ነው! ትስቁ ይሆናል... ሳቁ። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ከግንብ ጋር ሲጋጭ አይታችሁ አታውቁም? ስለ ትዕግሥት የሚሰብከው ሰውዬ ባጃጅ ሲዘገይበት እንዴት እንደሚሳደብስ አልሰማችሁም? እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ በአንድ እጄ ወገቤን ደግፌ ነው።

ቡሬ ከተማ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ የሥራ ደህንነት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ጆንያ ሲሸከሙ ለኖሩ ሰዎች የጆንያ አሸካከም ማስተማር! እኔ ራሴ ጆንያ ተሸክሜ አላውቅም። የማነሣው ከባድ ነገር ቢኖር የቢሮዬ ወንበር ነው፤ እሱንም እየገፋሁ። ግን ባሕር ዳር ሄጄ ሠልጥኛለሁ፤ የምስክር ወረቀቴም ከጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ገና ጆንያ ሳይነካ አስቁሜው፣ "ሥልጠና መቼ ይሰጣል?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱንም ራሴው እመልሳለሁ። "ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት! የሥራው ዓይነት ሲቀየር! የሚነሣው ዕቃ ሲለወጥ! አደጋ ሲደርስ ደግሞ እንደገና!" ከዚያ ባዶ ካርቶን መሬት ላይ አስቀምጬ አሳያለሁ። እግር ከፈት፣ ጉልበት እጥፍ፣ ወገብ ቀጥ! ካርቶኑ ባዶ ስለሆነ ሁልጊዜ ያምርልኛል።

ታዲያ በጥር ጓደኛዬ ይበልጣል ሊያገባ ሆነ። ሙሽራዋ እናኑ እዚያው መጋዘናችን ሚዛን ላይ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ስትቀጠር ያሠለጠንኳትም እኔ ነኝ። ይበልጣል ቢሮዬ ድረስ መጥቶ "አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ!" ሲለኝ ጮቤ ረገጥኩ። ከደስታዬ ብዛት አንደኛ ሚዜ ምን እንደሚሠራ ረሳሁት።

የረሳችሁ ካላችሁ እናንተንም ላስታውሳችሁ። በእኛ አገር ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ በእግሯ አትሄድም። አንደኛው ሚዜ አዝሎ ያወጣታል። በቅሎዋ ወይም መኪናዋ ላይ ሳትወጣ እግሯ መሬት ከነካ... ውይ! ገዱ አያምርም ይባላል። እናት ያለቅሳሉ፣ ሽማግሌዎች ያጉረመርማሉ፣ ትዳሩም ገና ሳይጀመር ክፉ ስም ይወጣለታል።

የእናኑ አባት ቤት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። ሚኒባሳችን እስከ ደጁ ይገባል ብዬ ተማምኜ ነበር። ምን ያደርጋል! አጎቷ አያ ደምሴ ዱላቸውን አግድመው መንገዱ ላይ ቆሙ።

"በአውድማ ላይ መኪና አይሄድም! ጤፉ ገና አልተነሣም።"

"አያ ደምሴ፣ ዳር ዳሩን ትንሽ ጠጋ ብንልስ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ሙሽራዋን የምታዝላት አንተ ነህ ወይስ መኪናው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው መኪናውን ምን አስቸኮለው?"

ሚኒባሱ ከአውድማው ማዶ፣ ከድንጋይ ካቡ ወዲያ ቆመ። እኔም በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ርቀቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳላየው የመውጫው ሰዓት ደረሰ።

አሁን ልብ በሉ። የሥራው ዓይነት ተቀይሯል። የሚነሣው ዕቃ ተለውጧል፤ ካርቶኑ ሙሽራ ሆኗል፣ ባዶም አይደለም! ግን እልልታው ሲቀልጥ ማን ደንብ ያስታውሳል? እግሬን ሳልከፍት፣ ጉልበቴን ሳላጥፍ፣ እንደ ማጭድ ጎበጥኩና እናኑን ከመደቡ ላይ ላጥ አድርጌ አዘልኳት። ይበልጣል ከፊት ከፊት ለካሜራው እየሳቀ ይሄዳል፤ እኔ ከኋላ።

አውድማው ጋ ስንደርስ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ቆምኩ። ወደፊት አልሄድ፣ ወደ ኋላ አልመለስ፣ ቀና አልል፣ አልቀመጥ!

ከጀርባዬ ላይ፣ ከቬሉ ውስጥ፣ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

"ጋሼ፣ ምነው ቆምክ?"

"አገሩን እያየሁ ነው..."

"መሬት መሬቱን?"

"እናኑ፣ ወገቤ ተያዘ።"

"ስታነሣኝ እኮ ጉልበትህን አላጠፍክም። አይቼሃለሁ።"

"ጀርባዬ ላይ ሆነሽ ትገመግሚኛለሽ?"

"'መንገዱን ሳታዩ አታንሡ፤ ለብቻ ከከበዳችሁ ሰው ጥሩ፣ ማፈር የለም' ብለኸን አልነበር?"

ብያለሁ! ያን ጊዜ ግን ስለ ጆንያ ነበር የማወራው። ጆንያ ተሰብስቦ የሚያይለት ዘመድ የለውም።

"ጋሼ..." አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ። "እባክህ እንዳትጥለኝ። እናቴ እያየች ነው።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን ስትል ፈራሁ። ለወገቤ አይደለም፤ ወገቤማ ሄዷል። በእኔ ዝርክርክነት የዚህች ልጅ ትዳር ስም ሊወጣለት ነው። ሰው ልጥራ ብል ደግሞ፣ ሙሽራ ከብዶት ሰው የጠራ ሚዜ ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው። ቀስ በቀስ ወደ መሬት ዝቅ አልኩ። የእናኑ ጫማ መሬቱን ሊስም ትንሽ ቀረው።

"የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!"

ማን ይመነኝ! ሠርግ ማድመቄ መሰላቸው። ሴቶቹ ወዲያው ከበሮውን ወደ እኔ አዙረው ዘፈን አወጡልኝ።

"ሚዜው ቆመ ደጅ፣ ሚዜው ቆመ ደጅ፣
ሸክሙን ሳያውቅ ነው የመጣው ወዳጅ!"

ወዝ የሚባለው ሁሉ ከፊቴ መጥፋቱን ያዩት አያ ደምሴ ብቻ ናቸው። ዱላቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ። "ያዙት! ልጁ የምሩን ነው!" ሁለተኛው ሚዜና የእናኑ ወንድሞች ተረባርበው ከጀርባዬ ላይ አነሷት፤ በካቡ ላይ ተቀባብለው ሚኒባሱ ውስጥ አስገቧት። እግሯ መሬት አልነካም! እናቷ እልል ሲሉ እኔ በደስታ ላለቅስ ደረስኩ።

እንባዬ ግን በቀጥታ መሬት ላይ ነው የሚወርደው፤ እንደጎበጥኩ ቀርቻለሁ። ሸክሙ ሲወርድ ጉብጠቱ አልወረደም።

"በሉ ደግሞ ይህን አንሡት" አሉ አያ ደምሴ።

አንሥተው ከሙሽራዋ ጎን አስቀመጡኝ። በዚያ ሠርግ እግራችን መሬት ሳይነካ መኪና የገባነው እናኑና እኔ ብቻ ነን።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። አዳዲስ ጫኝና አውራጆች ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ሥራ አስኪያጃችን ወሬው ደርሶት ኖሮ በር ላይ ቆሟል።

"አደጋ የደረሰበት ሠራተኛ እንደገና ይሠለጥናል ያልከን አንተ አይደለህ?"

"ነኝ።"

"እንግዲያው ሠልጥን።"

"አሠልጣኙስ ማን ነው?"

"ሌላ ማን አለን? አንተው ነህ!" ብሎኝ እየሳቀ ገባ።

ካርቶኑን አየሁት። ባዶ ነው፤ ግን ልነካው አልደፈርኩም። እንደ ልማዴ "ሁላችሁም ልክ እንደ እኔ ቁሙ!" አልኩ። ታዛዦች ናቸው። ሁሉም ጎበጡ፤ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ ግራ ዘመም አሉ። አንዱማ እንደ እኔ አቃሰተ።

ልስቅ ፈለግሁ፤ ሳቅም ያማል ለካ! ዋጥ አድርጌ ወደ ጥያቄዬ ገባሁ።

"ሥልጠና መቼ ይሰጣል?"

እንደ ሁልጊዜው ራሴው ልመልስ አፌን ስከፍት፣ ከጎበጡት አንዱ እጁን አወጣ። ወገቤን በጣቱ እያሳየ፣

"ከዚህ በፊት!" አለ።

"ልክ ነህ" አልኩት። "አንተ ቀና ማለት ትችላለህ።"