ሊቀ መከራ ኩዋባራ እና የተገነጠለችው መርከብ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ካንተ የባሰ መከራ ያየ አንድ ሰው አይጠፋም። አንድ እግርህ ቢሰበር የእሱ ሁለቱም ተሰብረዋል፤ እናትህ ብትሞት የእሱ እናት ሁለቴ ሞታለች። ኩሬ ከምትባለው የባሕር ኃይል ወደብ በምንነሳው፣ ፉቡኪ በሚሉት ዓይነት አውዳሚ የጦር መርከባችን ላይ ይህን ሹመት የያዙት የቶርፔዶ ክፍል አለቃችን፣ ክቡር ሊቀ መከራ ኩዋባራ ነበሩ።

መርከባችን ስትሠራ ዓለም ቀንቶባታል ይባላል። በቀጭን ወገቧ ላይ መድፍ በመድፍ ስለጫኑባት ግን ትንሽ ነፋስ ሲነካት ትንገዳገዳለች። ሾርባችን ከሳህኑ ይልቅ የሚያርፈው ጭናችን ላይ ነበር።

«አለቃ፣ ተቃጠልኩ!» ይላል አጠገቤ የሚተኛው ናጋሴ።

«ይሄም መቃጠል ሆኖ ነው? እኔ ትኩስ እንፋሎት የጠጣሁ ሰው ነኝ!»

ናጋሴ ሚስቱ ሚሳኦ እንደናፈቀችው ቢናገርም አላለፉትም። «አንተ ገና ወርህ ነው። እኔ ሚስቴን ካየኋት ሰባት ዓመቴ!»

አለቃ አግብተው አያውቁም።

በመስከረም ለልምምድ እንደወጣን አውሎ ነፋስ ያዘን። ናጋሴና ሌሎች ተረኞች ከፊት፣ በመርከቧ ሆድ ውስጥ ነበሩ። እኔና አለቃ የመርከቧ ወገብ ላይ ብረት ሙጥኝ ብለን ሳለ አንድ ማዕበል አነሳንና አፈረጠን። የመርከቧ ፊት ተገነጠለ። ወዲያው አልሰጠመም፤ እየተንሳፈፈ ከእኛ ራቀ። ውስጡ ሰው እንዳለ እያወቅን ገመድ እንኳ መወርወር አልቻልንም።

«አለቃ! ከዚህ የባሰ አይተው ያውቃሉ?» ብዬ ጮህኩ። ውሸት እንደዚያ ቀን ተርቤ አላውቅም።

«አላየሁም» አሉኝ።

ሬሳ አልተገኘም። ወደብ እንደገባን አለቃ ይዘውኝ ዳገቱ ላይ ወዳለው ወደ ሚሳኦ ቤት ወጡ። ሚሳኦ ሻይ አቀረበችልን፤ ማንም አልነካውም።

«ፈርቶ ነበር?» አለች።

አለቃ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፉ። «ተኝቶ ነበር፣ እመቤት። ወደ ላይ ስወጣ ሲያንኮራፋ ሰምቼዋለሁ።»

በዚያ አውሎ ነፋስ ዓይኑን የከደነ ሰው አልነበረም። ሚሳኦ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ ሰምተዋል?»

«አዎ» አልኩ። «አፉን ከፍቶ ነበር።»

«እንደዚያ ነው የሚተኛው» አለችና ፈገግ ልትል ሞከረች። ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፈነች።

ዳገቱን ስንወርድ ለአለቃ ክንዴን ሰጠኋቸው፤ ወደቡ እስክንደርስ አልለቀቁትም።