እንደጎበጠ ተዉት

እኔ ሰው የምለየው በጫማው ነው። ጫማ ሻጭ እንዳልመስላችሁ፤ የምሸጠው ብርድ ልብስ ነው፣ መርካቶ ዱባይ ተራ። አንገቴ ወደ መሬት ደፋ ስላለ መጀመሪያ የሚታየኝ ጫማ ነው። ፊት በኋላ ይመጣል፣ እሱም ሰውየው ራቅ ብሎ ከቆመልኝ። አንገት ደፊ አገር አጥፊ ይላሉ አይደል? እኔ አገር ቀርቶ ብርድ ልብሴ ላይ ያረፈች ዝንብ አላጠፋሁም።

ነገሩ የጀመረኝ በሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ጠዋት ስነሳ ወገቤ ሳንቃ ይሆናል። የሰው ወገብ ሲያርፍ ይሻለዋል፤ የኔ ሲያርፍ ይብስበታል፣ ሲንቀሳቀስ ይፍታታል። እሁድ የማይወድ ወገብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቦንዳ በመሸከም የመጣ ነው ብዬ ቅቤ ታሸሁ፣ ማስታገሻ ዋጥኩ፣ ዓመታት አለፉ። ወገቤ ደረቀ፣ ቀጥሎ ጀርባዬ፣ ቀጥሎ አንገቴ። ሳላውቀው ጎበጥኩ።

ከፊት ለፊቴ ምንጣፍ የሚሸጠው ነስሩ፣ የሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው፣ «ከዘራው» ብሎ ስም አወጣልኝ። ከጎን ለሚያየኝ ልክ ነው፣ ከታች ቀጥ፣ ከላይ ቆልመም። ስሙ ተራውን ሁሉ አዳረሰ። ዛሬ ወልዴ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያሳያችሁ የለም።

ይኸው ነስሩ አንድ ቀን ስመ ጥር ወጌሻ አገኘሁልህ አለኝ። አንዴ ጠምዘዝ ካደረገህ ቀጥ ነው አለ። ለቅዳሜ ተቀጣጠርን። ሐሙስ ላይ ሚስቴ አስካለ፣ ወጌሻው የትም አይሄድ፣ መጀመሪያ ራጅ ተነሳ ብላ እየጎተተች ሐኪም ጋ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ የበሽታውን ስም ነገረችኝ። አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይተስ። ሶማሌ ተራ መኪና መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ ብትጠይቁ ኦርጅናሉን ነው የቻይናውን የሚሏችሁ ዓይነት ስም። ራጁን ወደ መብራት አነሳችና የጀርባ አጥንቶችዎ እርስ በርስ ተበይደዋል አለችኝ። እንግዲያውስ ጠንክሬያለሁ በይኛ አልኳት። አልሳቀችም። ውጪው ቢበየድም ውስጡ ሳስቷል፤ እንደ ደረቅ እንጨት መታጠፍ የለ፣ ቀጭ ብቻ ነው አለች። መድኃኒት ጻፈች፣ የአጥንቴን ጥንካሬ የሚለካ ምርመራ አዘዘች፣ ሲጋራዬን አስጣለችኝ፣ በየቀኑ ቀስ ብለው ይራመዱ አለች። ከዛ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ወጌሻ አንገትዎን እንዳይነካ። ቢወድቁ እንኳ ማንም እንዳያቃናዎት፤ እንደጎበጡ ደግፈው ያምጡዎት። አለበለዚያ እጅና እግርዎ ላይታዘዝዎት ይችላል።»

ወጌሻውን ለማስቀረት ስል ይሄን ሁሉ ለነስሩ ነገርኩት። ጢሙን እያሻሸ አዳመጠኝ። በማግስቱ ወንበሬ ላይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከዕቃ ካርቶን የተቆረጠ፣ ብርጭቆ የተሳለበት፣ «ተሰባሪ» የሚል ጽሑፍ። በዚህም አላበቃ። እኛ ሰፈር ሰላምታ ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ያውም ጀርባ እየተመታ። አንዱ ትከሻውን ይዞ ሲመጣልኝ ነስሩ ከማዶ፣ «በእጅ ብቻ! ከዘራው ውስጡ ስስ ነው፣ ከጎተታችሁት ቀጭ ይላል» ይላል። ተራው ይስቃል።

እኔ ቀልደኛ ነኝ። ግን የራስ ሕመም በሰው አፍ ሲቀለድበት ሌላ ነው። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባል የለ? ካርቶኑን መንገድ ላይ ወረወርኩና ነስሩን ዘጋሁት። ሁለት ወር ሙሉ ጫማውን ሳይ ዞር እላለሁ። አንገቴ ስለማይዞር ዞር ማለት ለኔ መላ ሰውነቴን ማዞር ነው፤ ኩርፊያዬ ከሩቅ ይታይ ነበር።

ሐምሌ ገባ። ሱቄ ደጃፍ ላይ እርጥብ ላስቲክ አዳለጠኝና ወደቅኩ፣ ማጅራቴን የበሩ ብረት አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን ልብሱን አራግፎ ይነሳ ነበር። እኔ ግን ቀጭ ሲል ሰማሁት። ልናገር ብል ድምፅ አልወጣልኝም።

መርካቶ ለወደቀ ሰው ሩህሩህ ነው። ወዲያው ጫማ ከበበኝ። አንድ የማያውቀኝ ወዛደር ራስጌዬ ተንበረከከና፣ ውይ አንገቱ ተጠምዝዟል፣ ሳይደርቅበት ቶሎ እናቃናው አለ። መውደቄ ያጎበጠኝ መስሎታል። ምን ያድርግ፣ ደግ ነው። ሁለት ሻካራ እጆች ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ ያዙት። አስካለን አሰብኳት። እድሜ ልኳን ስታጎርሰኝ ታየኝ።

በዚያ ሁሉ ጫማ መሀል ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነ ቡናማ ሰንደል ገባ።

«እጅህን አንሳ» አለ ነስሩ። «ሃያ ዓመት ሲጎብጥ የኖረን አንገት አንተ በአንድ ደቂቃ ልታቃናው ነው? እንደጎበጠ ተዉት።»

ወዛደሩ ሲያመነታ አንዱ ከኋላ፣ እውነቱን ነው፣ ተሰባሪው ሰውዬ እኮ ነው አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ ከጎተታችሁት ቀጭ ይላል አለ። ለካስ ተራው ሁሉ የሳቀበትን በቃሉ ይዞታል። እጆቹ ለቀቁኝ። ከሱቄ ብርድ ልብስ አወረዱ፣ በጉብጠቴ ልክ ከሥር ጠቀጠቁ፣ ሳንቃ ላይ አድርገው ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ነስሩ መንገዱን ሙሉ ራሴን ደግፎ ይዞ አንዲት ቀልድ አልቀለደም። ያኔ ነው የምር የፈራሁት።

የአንገቴ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ነርቩ ግን ተርፏል። በብሎን አሰሩልኝ፤ አሁን እውነትም መለዋወጫ ተገጥሞልኛል ማለት ነው። ወራት ተኝቼ ተነሳሁ። ቀስ ብዬ እራመዳለሁ፣ መድኃኒቴን አላቋርጥም። አባቶች ስለ ምላስ ያሉትን አልሽርም። ብቻ የነስሩ ምላስ የሰበረው ኩራቴን ነው፤ አጥንቴንማ ያተረፈልኝ እሱ ነው።

የወረወርኩትን ካርቶን ለካ አንስቶ አስቀምጦት ኖሯል። ተቀበልኩትና በገዛ እጄ የሱቄ በር ላይ ሰቀልኩት። በቀደም አንዲት ደንበኛ አየችውና ብርድ ልብስ ደግሞ ይሰበራል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት መልሱ ከማዶ መጣ።

«ብርድ ልብሱ አይሰበርም፣ እናቴ። ሻጩ ነው።»