በዳጂባራኦ ማሽን ላይ ደህና ነው

ጥፋቱን የሚያምን ታይፒስት እስካሁን አልተፈጠረም። ወደፊት ይፈጠር እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ከሚራጅ እስከ ኮልሃፑር በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የተቀመጡትን ሁሉ አይቻለሁ። እርስዎ የተበላሸውን ወረቀት ይዘው ሲሄዱ እነሱ ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉትና ወይ በመብራት ያሳብባሉ፣ ወይ በዝናብ፣ ወይ በእርስዎ። የእኛ ከተማ ሳንግሊ ደግሞ ለዚህ ወገን ንጉሥ አላት። ክቡር ዳጂባራኦ ሳልጋር ይባላሉ፤ ዙፋናቸው ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ በሻይ ቤቱና በፎቶ ኮፒው መሃል በተሸጎጠች አንዲት ሱቅ ውስጥ ነው።

ክቡርነታቸው ነጭ ቆብ ያደርጋሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያስራሉ፣ ሱፓሪ የሚባለውን ፍሬ ያኝካሉ። አርባ ዓመት ሲተይቡ ኖረዋል፤ ሃያውን በጽሕፈት መኪና፣ ሃያውን በኮምፒውተር። የሚኖሩት ደግሞ በሁለት አባባል ነው። አንደኛው፣ የተየቡት ጽሑፍ ሌላ ቦታ ተከፍቶ አልነበብ ሲል የሚሰጡት ፍርድ ነው፤ "በእኔ ማሽን ላይ ደህና ነው።" ይህ ፍርድ ይግባኝ የለውም። ሁለተኛው፣ ሰው የፍቺውን ወይም የውርስ ጠቡን ማመልከቻ አስተይቦ "እንዴት አዩት፣ ዳጂባራኦ?" ሲላቸው የሚመልሱት ነው።

"ዓይን ያያል፣ ጣት ይመታል፤ መሃል ላይ ሰው የለም።"

በዚህች አባባል ምክንያት የከተማው ምስጢር ሁሉ በእጃቸው ያልፋል፤ ማንም አያፍራቸውም። ሰውየው አያነቡማ። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሳምንታዊ ጋዜጣችን የምጽፈውን ሁሉ እሳቸው ዘንድ ሳስተይብ፣ አንዴ እንኳን ፈገግ ያሉበትን ቀን አላስታውስም። ደራሲ ነኝ ብሎ ለሚኩራራ ሰው ይህ ቀላል ቁስል አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደማይገባኝ ነገር ልግባ። የእህቴ ልጅ ሩቱጃ ፑኔ ውስጥ በኮምፒውተር ሥራ ነው የምትተዳደረው፤ እሷ እንደምትለው በአሮጌው ዘዴ ኮምፒውተሩ ማራቲኛ የሚባለውን የእኛን ቋንቋ አያውቅም። ውስጡ ያለው የእንግሊዝ ፊደል ነው፤ የእኛን ፊደል መልክ የሚያለብሰው ሌላ ነገር ማሽኑ ላይ ተጭኗል። ያ ነገር የሌለበት ማሽን ላይ ከተከፈተ ልብሱ ይወልቅና ኮማ፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና የእንግሊዝ ፊደል ራቁታቸውን ይቆማሉ። አዲሱ ዘዴ ግን ማራቲኛውን ማራቲኛ ብሎ ስለሚያውቀው የትም ቢሄድ ያው ነው። ይህን ሩቱጃ ሦስት ጊዜ አስረድታኛለች። ሦስቱንም ጊዜ ገባኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ በማግስቱ ጠፋኝ።

ዳጂባራኦ አዲሱን ዘዴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ኖሩ። አንድ የእርድ ቅመም ነጋዴ ልጁን ሲድር የጥሪ ካርዱን እሳቸው ተይበውለት ሚራጅ ወስዶ አሳተመው። ስምንት መቶ ካርድ በሙሽራው ስም ፋንታ ሦስት ኮማ፣ አንድ ቅንፍና አንድ የጥያቄ ምልክት ይዞ ወጣ። የሙሽሪት አባት የጥያቄ ምልክቷን ሲያዩ ስለ ልጁ ጠባይ እንደገና ማጣራት ጀመሩ። ነጋዴው እየጮኸ ሱቋ ድረስ መጣ፤ ክቡርነታቸው ማሽናቸውን ወደ እሱ አዞሩና የሙሽራውን ስም በጣታቸው አሳዩት። በእሳቸው ማሽን ላይ ደህና ነበር። አንድ የከተማው ምክር ቤት አባል ደግሞ ንግግራቸውን አስተይበው በኢሜይል ላኩልን፤ እኛም ጋዜጣ ላይ እንዳለ በቅንፍና በዶላር ምልክት አወጣነው። አንድም አንባቢ ቅር አላለውም። እንዲያውም አንዱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ የሰውየው ንግግር ዘንድሮ ተሻሽሏል አለኝ።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ከዚህ በኋላ ግን የታላቅ እህቴ የኢንዱ ነገር መጣ፤ እኛ ኢንዱ ታይ፣ እህት ኢንዱ፣ እንላታለን።

ኢንዱ ታይ ሠላሳ አንድ ዓመት በክሪሽና ወንዝ ዳር መንደሮች አስተምራለች። ከክፍል ስትወጣ ደብተሯን ይዛ በየቤቱ እየዞረች፣ ሴቶች ወፍጮ ላይ ተቀምጠው እህል ሲፈጩ የሚያንጎራጉሩትን ትጽፍ ነበር። ዘጠኝ መቶ ሰባት እንጉርጉሮ ሰብስባለች። አንድ የማታጥፈው ሕግ አላት፤ በእያንዳንዱ ሥር የዘፋኟ ስምና መንደር ይጻፋል። "ዘፈን ያለ ባለቤቱ ስም አይገባም፤ የተሰረቀ ዕቃ ይሆናል" ትላለች። ከሴቶቹ አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ወፍጮውም በሞተር ተተክቷል። ደብተሮቹን እየተቀበሉ የተየቡት ክቡር ዳጂባራኦ ናቸው። ፑኔ ያለ አሳታሚም አገኘን፤ ልክ ሊሆንልን ሲል ክሪሽና ወንዝ ሞላ።

ውሃው ሱቋ ውስጥ እስከ ጣሪያው ገባ። ማሽኑ ሞተ፤ ደብተሮቹንም ዳጂባራኦ አራሚ እስኪያያቸው ብለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋቸው ነበርና ጭቃ ሆኑ። የተረፈው እኔ ቀደም ብዬ በፍላሽ የቀዳሁት ብቻ ነው። ከፈትኩት፤ ኮማ፣ ቅንፍ፣ ዶላር። ኢንዱ ታይ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ የግራ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ቀኙም እየደከመ ነው። እንደገና ልሰብስብ ብትል ከማን ትሰበስባለች? ማያውን አላሳየኋትም። "ይነበባል?" ስትለኝ "ትንሽ ማስተካከል ይፈልጋል" አልኳት። ዋሸሁ።

ሩቱጃ አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚለውጥ ፕሮግራም አለኝ፣ አታስብ አለች። ፋይሉን ላክሁላት፤ ለውጣ ላከችው። የወጣው ፊደል የእኛው ነበር፤ ግን አንዲት የሚነበብ ቃል የለበትም። ስታጣራ ጉዱ ወጣ። ለካስ ክቡርነታቸው ከዓመታት በፊት የኪቦርዳቸው አንድ ቁልፍ ሲሰበር፣ አዲስ ኪቦርድ እንደ መግዛት፣ ከኮልሃፑር አንድ ብልህ አስመጥተው ያቺን ፊደል ወደ ሌላ ቁልፍ አዛውረዋታል። ቀጥሎ ሌላ ቁልፍ ሲደክም ሌላ ፊደል አዛወሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ፊደል ቤት ቀይሯል፤ የትኛው የት እንደገባ የሚያውቅ ማሽን ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ውሃ በላው። ግራ ገባኝ፤ ሩቱጃም ግራ ገባት፣ እሷ ግራ ሲገባት ደግሞ እኔ ምን ልሆን ነው?

ያን ቀን ተናደድኩ። አንድ ገጽ አሳተምኩና ሰውየው ፊት ላኖረው ሄድኩ። ዳጂባራኦ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ኪቦርዳቸውን በጥርስ ብሩሽ ከጭቃ ያጸዳሉ፤ የሚሰካበት ማሽን የላቸውም፣ ግን ያጸዳሉ። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ጣልኩና ሃያ ዓመት ያጠራቀምኩትን ሁሉ ተናገርኩ። እህቴ ዓይኗ ሳይጠፋ ይህን መጽሐፍ ካላየች በእርስዎ ምክንያት ነው አልኳቸው። ይህን በማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ዳጂባራኦ ወረቀቱን አነሱና ቅንፏን አዩ፤ ጣታቸው ወደ ኪቦርዱ ሄዶ አንድ ቁልፍ መታ። ኮማዋን አዩ፤ ሌላ ጣት ሌላ ቁልፍ መታ። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔ ሰውየው ነካቸው እንዴ ብዬ ስጠጋ፣ በቀስታ እንዲህ አሉ፤

"ጋንጉባይ፣ ከኦዱምባር። ይቺ ሦስተኛው ደብተር ላይ ነበረች።"

ዓይናቸው ምልክቱን ያያል፣ ጣታቸው ያንን ምልክት ያወጣችውን ቁልፍ ያውቃታል፣ ጣቱ ደግሞ ፊደሏን ይነግራቸዋል። ያለ ኪቦርዱ አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ኪቦርዱን ከያዙ ግን ሩቱጃና ፕሮግራሟ ያልቻሉትን ሱፓሪ እያኘኩ ያነባሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየከሰዓቱ ኢንዱ ታይ በረንዳ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። ዳጂባራኦ የሞተውን ኪቦርድ ጭናቸው ላይ አድርገው እየመቱ ይናገራሉ፤ ኢንዱ ታይ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ እኔ በሩቱጃ ላፕቶፕ ላይ በአዲሱ ዘዴ፣ በሁለት ጣት እተይባለሁ። ሰውየው በእኔ አተያየብ የተሰቃዩትን ስቃይ እግዜር ይቁጠርላቸው። አንዴማ "ሳሄብ፣ ጌታዬ፣ ፊደሏ ወንበርዎ ሥር ወድቃ ነው የሚፈልጓት?" ብለውኛል። እህቴ ፖሃ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ ሩዝ ትሠራልን ነበር፤ እሳቸው ግን ጣቴ ዘይት ከነካ ፊደል ይጠፋብኛል እያሉ መቶ መስመር ሳይሞላ አይቀምሱም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እዚህች ላይ ደረስን፤

ዙሪ ወፍጮዬ ሆይ፣ ዙሪ እህቴ ሆይ፣
እናት ቤት ሩቅ ነው፣ ላንቺ ልንገር ወይ?

የዘፋኟን ስም ተናገሩ፣ ጻፍኩ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ወደሚቀጥለው እንለፍ አሉ። ኢንዱ ታይ ዓይኗን ሳትገልጥ ሰማች።

"አንድ መስመር ዘለሉ" አለች። "ኪቦርዱ ላይ ጣትዎ ሲቆም ሰምቻለሁ።"

"የእርስዎ አይደለችም፣ ታይ። የእኔ ናት።"

"የእርስዎ ከሆነች ያንብቧታ።"

ዳጂባራኦ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ታይፒስት ሻይ ሊጠጣ ሲነሳ የቆመበትን ለማወቅ አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል፤ ሲመለስ ያጠፋዋል። ይቺን ሳላጠፋት ቀርታ ነው አሉ፣ እንደ ጥፋት። በሃያ ዓመት ውስጥ ሲያምኑ የሰማኋቸው የመጀመሪያ ጥፋት ነው። ከዚያ ኪቦርዱን እየመቱ አነበቡ።

"እዚህ ላይ አቆምኩ። እናቴ ሁለተኛውን መስመር እንዲህ ነበር የምትለው፤ አንቺስ ከተራራሽ ተለይተሽ የለ ወይ?"

እኔ መሃል ላይ ሰው የለም የሚሉትን ሰውዬ አየኋቸው፤ ጣታቸው አሁንም የመጨረሻዋ ቁልፍ ላይ ነበር። ዘጠኝ መቶ ሰባቱንም አንብበዋቸዋል ለካ፣ እያንዳንዷን።

"ስማቸው ማን ነው?" አለች ኢንዱ ታይ።

"የማን?"

"የእናትዎ። ዘፈን ያለ ባለቤቱ ስም አይገባም።"

ዳጂባራኦ እኔን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ፖሃውን አዩ። የታይፒስት እናት መጽሐፍ ውስጥ ምን ትሠራለች ብለው ሊከራከሩ ሞከሩ፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሕፃናት ያስተማረችውን ሴት ማን ይረታታል?

"ሳሉባይ" አሉ በመጨረሻ። "ከቢላውዲ።"

"ጻፍ" አለችኝ እህቴ። ጻፍኩ። እንጉርጉሮው ዘጠኝ መቶ ስምንት ሆነ።

ወደ ቤት ስንሄድ አላስቻለኝምና፣ በእኔስ ጽሑፍ መሃል ምን ምን ጽፈው አጠፉ ብዬ ጠየቅኳቸው። "በእርስዎ ላይ፣ ሳሄብ፣ 'ሻይ' ብቻ ነበር የምጽፈው" አሉኝ።

ሥራው አልቆ ወደ ፑኔ በላክነው ማግስት ጠዋት፣ ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ተንኳኳ። ክቡር ዳጂባራኦ ናቸው፤ ቆባቸው ታጥቦ ተተኩሷል። ፑኔ ደውለዋል ወይ አሉኝ። ፋይሉ ደርሷል፣ ከፍተውታልም አልኳቸው።

"እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት" አሉ። "ያቺ የእናቴ መስመር፣ ከነስሟ… በእነሱ ማሽን ላይ ደህና ናት?"

ይህችን ጥያቄ ከእኚህ ሰው አፍ ለመስማት ሃያ ዓመት ጠብቄያለሁ። የምመልሰውንም ስድብ ሃያ ዓመት ስስል ኖሬአለሁ። አንዱም ትዝ አላለኝም። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ በመሃላችን ያዝኩት። የአሳታሚው ጸሐፊ ገጹን ፈልጋ መስመሯን አነበበች፤ ከሥሯም "ሳሉባይ፣ ከቢላውዲ" አለች።

ዳጂባራኦ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ ካልከበዳት አንድ ጊዜ ደግማ ታንብባት አሉኝ።