ሳትነቃ ያናገርናት ኮምፒውተር

ገና ያልነቃ ነገር እንዴት ይሰማል? እስካሁን አልገባኝም። ልጄ ሶሊ ተኝታ ብጠራት አትሰማኝም። ነቅታም አትሰማኝም፤ እሱን እንኳ ተዉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ቴሌቪዥኑ ሥር ያስቀመጣት፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ኮምፒውተር አለችን። ሊኑክስ በሚባል ነገር ነው የምትሠራው ይላል። ስልኬ ሲሞላ የልጄን ፎቶ በሙሉ እሷ ውስጥ ከተተና ከስልኬ አጠፋው። ሶሊ መጀመሪያ የሳቀችበት ቪዲዮ ሳይቀር! አንድ ቅዳሜ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሯ ግን ሄዳ ቀረች። ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም የለም። እንባዬ መጣ። የልጅ የመጀመሪያ ሳቅ ሁለተኛ ይገኛል እንዴ?

ባሌ እህቱን ሰናይትን ጠራት። ጳውሎስ አካባቢ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ላፕቶፗንና ሦስት ቀጫጭን ሽቦ ይዛ መጣች፤ በሽቦዎቹም ላፕቶፗን ከኛ ኮምፒውተር ጋር አገናኘች። አንዱ ኮምፒውተሯ የምትለውን ያመጣልናል፤ አንዱ እኛ የምንለውን ይወስድላታል። ሦስተኛውስ? "እሱ ዝም ብሎ ያስማማቸዋል" አለችኝ። እንደ ሽማግሌ መሆኑ ነው።

ላፕቶፑ ላይ ጽሑፍ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። እኔ አማርኛውንም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው፤ እንግሊዝኛውማ አይነሳ። ሰናይት እንዳስረዳችኝ፣ ኮምፒውተሯ ስትነሳ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ሳትወድቅ፣ ገና ዓይኗን ስትገልጥ አስቁመን፣ "ሌላውን ሥራ ተይውና መጀመሪያ እኔን አናግሪኝ" ልንላት ይገባል። ነገር በእንጭጩ አይደል የሚባለው? ለዚያ ያለችው ጊዜ ግን ዓይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ ናት።

ሽቦዎቹ አልቆም ስላሉ ሰናይት በሁለት እጇ ይዛቸዋለች። ባሌ ኮምፒውተሯ እንደገና እንድትነሳ ሶኬቷን ይነቅላል፣ ይሰካል። ጽሑፉ መውረድ ሲጀምር የላፕቶፑን ቁልፍ ተጭኖ ማስቆም ለኔ ደረሰ።

"የትኛውን?" አልኳት።

"የፈለግሽውን!"

ይሄ ነው ያስጨነቀኝ። የትኛውን ልፈልግ? ስመርጥ አለፈ። ባሌ እንደገና ሰካ። ተጫንኩ፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሽሮ ሜዳ ጥለት የምትመርጪ መሰለሽ እንዴ?" አለችኝ ሰናይት።

ሶሊ ደግሞ ጭኔ ላይ ሆና እጇን ትሰዳለች። "አትንኪ!" እላለሁ። ቀኑን ሙሉ የምለው እሱን ነው። ባሌ አሁንም ሲሰካ እጇ አመለጠኝና ላፕቶፑን ጧ! አደረገችው።

ጽሑፉ ቆመ።

"ማንም እንዳይነካ!" ብላ ሰናይት ጮኸች። ሽቦውን ለባሌ አስይዛ አንድ ነገር ጻፈች። ትንሽ ምልክት ብልጭ ድርግም እያለች መጣች። "ይሄ ሼል ይባላል። ምን ልታዘዝ ማለቷ ነው" አለችኝ። ከዚያማ ሰናይት ትጽፋለች፣ ኮምፒውተሯ ትመልሳለች፤ በቃ እንደ ጎረቤት ተጨዋወቱ። የተበላሸው ተስተካከለና ኮምፒውተሯ እስከ መጨረሻው ነቃች።

ቪዲዮውም ተገኘ! ከፈትነው። ሶሊ መነጽሬን ልትይዝ እጇን ትዘረጋለች። "አትንኪ!" የሚል የኔ ድምፅ ይሰማል። እሷም ከት ብላ ትስቃለች። ለካ የመጀመሪያ ሳቋ በኔ ቁጣ ላይ ኖሯል!

ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ በጥፊ ትላለች፤ ስልኩን፣ ሪሞቱን፣ የሰው ፊት ሳይቀር። ስቆጣ ባሌ "ተያት፣ ባለሙያ ናት" ይለኛል። ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ፦ እጇን ልያዝ ወይስ አፌን?