ስለ ስኳር የሚያስረዱት ሰው

መካነ ሰላም ካለው የሸማቾች ሱቅ በር ላይ ነን፤ ሻጩ ከሚዛኑ ኋላ፣ ዘሃራ ከፊቱ፣ እኔ ከዘሃራ ቀጥሎ፣ ከእኔ ኋላ ሃያ የሚሆን ሰው። ጡረተኛው መምህር ይመር ድርሻቸውን በኩፖናቸው ቀድመው ወስደው፣ ስኳሩን በብብታቸው ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል። የራሱን ከያዘ በኋላ ለሌላው የሚያስረዳ ሰው በእናንተ ሰፈርስ የለም?

«ከዓለም ጋር እንነግዳለን ካልን፣ መንግሥት ስኳር መደጎሙን መተው አለበት» አሉ። «የዓለም ንግድ ሕግ ነው።»

«መቼ ነው የሚተወው?» አለች ዘሃራ። ነገ የባሏ የአርባ ቀን ሰደቃ ነው፤ ለሻዩ የሚሆን ስኳር ግን የላትም።

«ዛሬም ሊሆን ይችላል።» መምህር አላውቅም ማለት አይወዱም።

ከኋላ ያለው ሰው የሰማው ዛሬ የሚለውን ብቻ ነው። ሰልፉ ፈርሶ ሁሉም ወደ በሩ ተጋፋ። ሻጩ ደንግጦ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ።

«አላልኳችሁም?» አሉ መምህር።

ዘሃራ ኩፖኗንና ገንዘቧን እጃቸው ላይ አኖረች። «እንግዲያው ሲከፈት የኔን እርስዎ ይውሰዱት፣ መምህር።»

ስኳሩን ከብብታቸው ሳብ አድርጋ ወሰደችና ሄደች።