እሁድ የሞተች ዕለት

ቶይባ ትሙት፣ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ቁጭ ባልኩበት፣ ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም የሚል ካለ የራሱን ይፍታ፤ እኔ ያየሁትን ነው የማወራው። ትምህርት ጎድሎት ነው እንዳትሉኝ ደግሞ፣ ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ይመር እባላለሁ። ደሴ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ የኮንትራት ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ኮንትራት ማለት ቧንቧው ቋሚ ሆኖ ሠሪው ጊዜያዊ ሲሆን ነው። ቋሚ ለመሆን ያልወጣሁበት ደረጃ፣ ያላንኳኳሁት በር የለም። በመጨረሻ ዘበኛችን ሰይድ አዘነልኝና ወደ ጥግ ወሰደኝ።

"ይመር፣ አንተ ሙያ አለህ፣ ሰው ግን የለህም" አለኝ።

"ሰው ከየት ይመጣል?"

"ከለቅሶ። ሠርግ ላይ አለቃው ጠግቦ ይረሳሃል። ለቅሶ ላይ አጠገቡ ቁጭ ብለህ የተከዝክ እንደሆነ ግን መልክህ አይጠፋውም።"

ከዚያ ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር ጋቢዬን አጣፍቼ ድንኳን ፍለጋ እወጣለሁ። የምፈልገው የሰው ኃይል ኃላፊውን አቶ ሸዋንግዛውን ነው፤ ቋሚ የሚያደርገውም የሚያስቀረውም እሱ ነው። እሱ ለቅሶ ከደረሰበት እኔም እደርሳለሁ። እሱ ከተከዘ እኔ አለቅሳለሁ።

ቶይባ ሚስቴ ናት። እሁድ ድሮ የእኔና የሷ ቀን ነበረች። ከጎረቤቶቻችን ጋር ጦሳ ተራራ ሥር ወጥተን፣ በቆሎ እየጠበስን፣ እኔ ውሸቴን ስነዛ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ለነገሩ ያገባችኝም ለዚሁ ውሸቴ ብላ ነው። አሁን ግን በር ላይ ቆማ "እሁዳችንን ለማን ሰጠሃት?" ትለኛለች። "ቋሚ ልሁን እንጂ እሁድ የት ትሄዳለች" እላታለሁ፤ እሷም ያለ እኔ ከጎረቤቶቹ ጋር ትወጣለች።

እንግዲህ በሕልሜ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አቶ ሸዋንግዛው በባዶ እግሩ ቆሟል፤ ከኋላው የመሥሪያ ቤቱ አለቆች በሙሉ እስከ ፒያሳ ድረስ ተሰልፈዋል።

"ማን ልበል?" አልኩት።

"ሸዋንግዛው ነኝ፣ ጌታዬ። እባክዎ ይተዋወቁኝ። ሰው የለኝም።"

"ሰው ምን ያደርግልሃል?"

"ዝቅ ማለት እፈልጋለሁ። ይኸው ኃላፊ ሆኜ ተጥዬ ቀረሁ። ቧንቧ ሠራተኛ የማያውቅ ሰው መቼ ዝቅ ይላል?"

ከኋላው ያለው ወፍራም ሰውዬ በትከሻው ገፋ አደረገኝና "እኔ ከሱ ብሼ ሥራ አስኪያጅ ነኝ፣ ቅድሚያ ይስጡኝ" አለ። ለካ በዚያ አገር ሥራ አስኪያጅነት አርፍዶ ለመጣ ሰው የሚሰጥ ቅጣት ኖሯል። እኔም ኮራሁ። እግሬን አንፈራጥጬ "እስኪ አያለሁ፣ ነገ ተመለሱ" አልኳቸው። ይህን ቃል ለሌላ ሰው መናገር እንዴት እንደሚጣፍጥ ብታውቁ።

ባጃጅ ያዝን። መያዝ ማለቴ በእጃችን ነው፤ ባጃጇን ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። ሾፌሩ ከኋላ እየተራመደ "ወንድሞቼ፣ ማዞሪያው ጋ ወራጅ አለ" ይለናል። አወረድነው። በእግሩ ሲሄድ የነበረ ሰው እንዴት እንደሚወርድ አትጠይቁኝ፤ ብቻ ወረደ፣ መረቀንም።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አንዲት አህያ መነጽር አድርጋ የሚገባውን ሰው ትፈትሻለች።

"ዛሬ ሳቅህ?" አለችኝ።

"ትንሽ።"

"ትንሽ አይበቃም። እዚህ ሰው የሚገባው ሊጫወት ነው።"

ውስጥ ገባሁ። ገበጣ የሚጫወተው ይጫወታል፣ እስክስታ የሚመታው ይመታል። ድንገት ጩኸት ሆነ። አንድ ምስኪን ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ቧንቧ ሲጠግን ተያዘ። አንገቱን ይዘው ሲያወጡት "ማሩኝ፣ የልጆች አባት ነኝ። ለአመል ያህል ትንሽ ልሥራ ብዬ ነው" ይላል።

"ከሥራ ጋር ተገኘ" አለች አህያዋ በሐዘን። "የሰፈር ልጅ ነው፣ ጨዋ ቤተሰብ ነው ያሳደገው።"

እኔ መፍቻዬን ወደ ኪሴ ገፋሁ። አቶ ሸዋንግዛው ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

"እንኳን ደስ ያለዎት ጌታዬ፣ ቋሚ ሆነዋል" አለኝ። "ከሁሉም በታች ተሹመዋል። ከእርስዎ በታች መሬት ብቻ ነው ያለው።"

ደስታ እንባዬን አመጣው። "እና መቼ ልጀምር?"

"አሁኑኑ። አንዲት ቀብር ብቻ ትቀድማለች።"

ጓሮው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ሕዝቡ ያለቅሳል፤ ዶሮዎች እንኳ ነጠላ ዘቅዝቀዋል። መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ሬሳ ነጭ ተሸፍና ተጋድማለች።

"ማናት?" አልኩ።

"እሁድ ናት" አለች አህያዋ። ለካ የእድሩም ዳኛ እሷው ናት። "ደጅህ ላይ ቆይታ ቆይታ በብርድ ሞተች። ቋሚነትህ የሚጸናው አፈር ስታለብሳት ነው።"

ሬሳዋ ራስጌ ቶይባ ቁጭ ብላለች። አላለቀሰችም። በቆሎ ትግጣለች።

"መጣህ?" አለችኝ።

"መጣሁ።"

"ከመቅበርህ በፊት አንድ ውሸት ንገራት። ትወድልህ ነበር።"

ይህማ ምን ገዶኝ ብዬ አፌን ከፈትኩ። "እግዜር ያጥናችሁ" አልኩ። ሕዝቡ "አሜን" አለ። ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። "እግዜር ያጥናችሁ።" "አሜን።" ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ለካ የእሁዶቼ ንግግር ሁሉ ይቺው ሆና ቀርታለች። ላብ አጠመቀኝ። ቶይባ መጋጡን ትታ ታየኝ ጀመር። አቶ ሸዋንግዛው አካፋውን በእጄ አስጨበጠኝና "ቶሎ ይበሉ ጌታዬ፣ ቋሚነትዎ ይቀዘቅዛል" አለ።

አካፋውን አየሁ። ቶይባን አየሁ። ከዚያ አካፋውን ወርውሬ ምላሴን በሁለት ጣቴ ያዝኩና እንደ ዛገ ቧንቧ ጠመዘዝኩት።

"እህህ፣ አንድ ቀን" አልኩ፣ "ሰፈራችን ውሃ ጠፍቶ፣ ቧንቧውን ብከፍተው ድምፅ ብቻ ወጣ። ፉሽሽሽ አለ። እኔም ድምፁን በባልዲ ቀዳሁት። ጎረቤት ሰምቶ ጀሪካኑን ይዞ መጣ። ለሁሉም በየልኩ አደልኩ። ማታ ሰፈሩ በሙሉ በፉሽሽታ እግሩን ታጥቦ ተኛ። ጠዋት የውሃ ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ምን አለ መሰላችሁ? 'ይሄ ድምፅ ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?'"

ከነጩ ጨርቅ ሥር አንዲት አውራ ጣት ተንቀሳቀሰች። ቶይባ "ቀጥል፣ ቀጥል" አለች። ቀጠልኩ። ጨርቁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሬሳዋ እየሳቀች ነው። አህያዋ መነጽሯን አውልቃ ሳቀች፣ ዶሮዎቹ ሳቁ፣ እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፣ ሳቅሁ...

ሳቄ ቀሰቀሰኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ድንኳን ውስጥ ነኝ። የእውነት ድንኳን፣ የእውነት ለቅሶ። አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እንደ እብድ እገለፍጣለሁ፣ ለቀስተኛው በሙሉ አፍጥጦብኛል። አጠገቤ አቶ ሸዋንግዛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። እሱ ሲገባ አይቼ፣ የአማቱ ለቅሶ መስሎኝ ነበር ተከትዬው የገባሁት፤ ተክዤ ተክዤ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጥቁር የለበሱ አንዲት አሮጊት መጥተው ፊቴ ቆሙ።

"አንተ የማን ወገን ነህ?"

"የአቶ ሸዋንግዛው ነኝ እናቴ" አልኩ ወደ እሱ እየጠቆምኩ። "አማታቸው ስለሆኑ ሟች..."

"ሸዋንግዛው ደግሞ ማነው?"

ወደ አቶ ሸዋንግዛው ዞርኩ። ጋቢው ውስጥ የቀረውን ግማሽ ፊቱን ሊያስገባ ይታገላል።

"አማቴ ደህና ናት" አለኝ በሹክሹክታ። "ይሄኔ እኛ ቤት ምሳ እየበላች ነው።"

"ታዲያ እዚህ ማን ሞቶ ነው?"

"የሥራ አስኪያጁ አክስት የሞቱ መስሎኝ ነበር። ውጭ የቆመው መኪና የሱን መሰለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ከጠዋት ጀምሮ አለቅሳለሁ።"

አሮጊቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። "በሉ ያለቀሳችሁት ይበቃል፣ የኔ ልጆች" አሉ። "ቤታችሁ ግቡ፣ ሰው ይጠብቃችኋል።"

አንገታችንን ደፍተን ወጣን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አቶ ሸዋንግዛው ክንዴን ያዘኝ።

"ስምህ ማነው?"

"ይመር።"

"ይመር፣ ነገ ቢሮ ና።"

"ለቋሚነቱ?"

"ይህን ለማንም እንዳታወራ ልለምንህ" አለና ወደ አማቱ በሩጫ ሄደ።

እኔም ጋቢዬን ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ከትቼ፣ ዳገቱን እያለከለክሁ ጦሳ ሥር ደረስኩ። ጎረቤቶቹ እሳቱን ከበዋል። ቶይባ ቀና ብላ አየችኝና "ዛሬስ ማን ሞተ?" አለች።

"እኔ እንጃ" አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ በቆሎው እስኪያር ድረስ ሳቀች።

እሺ፣ እዚህ ላይ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። ቶይባ አልሳቀችም። "እጅህን ታጠብና ተቀመጥ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ" ነው ያለችው።